ከእጅ አይሻል ዶማ፦ «ትንሿን ሽጉጥ ያዝ» ለምትሉን መካሪዎች

አንድ ወገናችን በዋሽንግተን ወይም በሜሪላንድ ሥራ ላይ እያለ በተዘረፈ ወይም በተመታ ቁጥር ግሩፖቻችን ላይ የሚጻፈው ነገር አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ «ነፍስ ይማር»፣ ቀጥሎ ጎፈንድሚ፣ ከዚያ ምክር። ምክሩም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠነከረ መጥቷል። «ሁላችሁም ታጠቁ። አንድ ብቻውን አይበቃም፤ ትልቁን ሱቅ ውስጥ አስቀምጥ፣ ትንሿን ደግሞ ኪስህ ወይም ቁርጭምጭሚትህ ላይ ያዝ። መጠባበቂያ ትሁንህ።» ከሥሩ የላይክ መዓት ይፈስለታል። አንዳንዱ መካሪ ፍራንክፈርት ወይም ለንደን ተቀምጦ ነው የሚመክረው፤ እሱ በሚኖርበት አገር ሽጉጥ ሸጉጦ መንገድ መውጣት የማይታሰብ ነገር ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች «ትንሿ» ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ይህ ምክር ለኡበር ሾፌር፣ ለፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ለሊከር ስቶር ካሸር የሚሰጥ መጥፎ ምክር ነው። መሣሪያ መያዝ ነውር ስለሆነ አይደለም። ምክሩ ሰውየው የሚሠራበትን ወንበር፣ የሚሻገረውን ድልድይና በኪሱ ያለውን የመኖሪያ ወረቀት ሳያይ የሚሰጥ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ እውነታችሁን ልስጣችሁ

ፍርሃቱ የፈጠራ አይደለም። በ2023 በዲሲ 274 ሰዎች ተገድለዋል፤ ከተማዋ ከሃያ ዓመት በላይ ያላየችው ቁጥር ነበር። በዚያው ዓመት በማስፈራራት የተነጠቁ መኪኖች ከ900 በላይ ነበሩ። በ2024 የግድያው ቁጥር ወደ 187 ወርዷል፤ ግን ሌሊት ለሚሠራ ሰው የቁጥር መውረድ ትራስ አይሆንም። መኪና እየነዳ፣ ገንዘብ እየተቀበለ፣ በር ዘግቶ ሱቅ እያደረ የሚኖረው ወገናችን ብዙ ነው። «ፖሊስ እስኪመጣ ሞቼ አልቃለሁ» የሚል ሾፌር ያበደ ሰው አይደለም።

ሕጉም ተለውጧል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2022 በብሩን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ «ለምን መሣሪያ እንደሚያስፈልግህ ልዩ ምክንያት አምጣ» የሚለውን የኒውዮርክ ሕግ ሻረ። ሜሪላንድም በሳምንታት ውስጥ ተመሳሳይ መስፈርቷን ተወች። ስለዚህ «ሽጉጥ ለእኛ አይፈቀድም» የሚል ሰው ዛሬ ተሳስቷል። ሥልጠናውን የወሰደና ከወንጀል ነፃ የሆነ ሰው ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ይህን የሚክድ ክርክር የለኝም። የምከራከረው በመብቱ ላይ ሳይሆን በምክሩ ላይ ነው።

«መጠባበቂያ» የማን ቃል ነው?

ሁለተኛ ሽጉጥ የመያዝ ልማድ ከፖሊስ ቤት የመጣ ነው። የፖሊሱ ዋና መሣሪያ ወገቡ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ግብግብ ቢገጥም ሊነጠቅ ይችላል፣ ሊበላሽ ይችላል። ለዚያ ነው አንዳንዱ ፖሊስ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ትንሽ ሽጉጥ የሚጨምረው። ያ ፖሊስ ግን ጥይት መከላከያ ለብሷል፣ ሬዲዮ ይዟል፣ ባልደረባው በደቂቃዎች ውስጥ ይደርስለታል፣ በየጊዜው የተኩስ ፈተና ይፈተናል፣ ሲተኩስም የሚቆምለት ማኅበርና ጠበቃ አለው። የእኛ ሾፌር ከእነዚህ ሁሉ አንዱም የለውም። የፖሊሱን የመጨረሻ አማራጭ አንስታችሁ ለሾፌሩ የመጀመሪያና ብቸኛ አማራጭ አደረጋችሁለት። በተግባር «መጠባበቂያ» የምትባለዋ ሽጉጥ ዋናዋ ሆና ነው የምትያዘው፤ ምክንያቱም ትልቁ ይከብዳል፣ በሙቀት ቀን ከሸሚዝ ሥር ይታያል፣ ስለዚህ ቤት ይቀራል።

ቋንቋችን ራሱ እውነቱን ይናገራል። ሽጉጥ «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ ነው፤ የሚደበቅ ነገር ማለት ነው። የአባቶቻችን ምንሽርና ዲሞትፈር ትከሻ ላይ ይውል ነበር፤ ማን እንደታጠቀ አገር ያውቃል፣ ጠላትም ያውቃል፣ ሽማግሌም ያውቃል። የመሣሪያው ግማሽ ሥራ መታየቱ ነበር። የተሸጎጠ መሣሪያ ግን አያስፈራራም፤ አጥቂው የሚያውቀው ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ የተሸጎጠ ሽጉጥ ሙሉ ጥቅሙ የሚለካው በአንድ ነገር ነው፦ በዚያች ሴኮንድ ውስጥ በትክክል ወጥቶ በትክክል መሥራት መቻሉ። «ትንሿ» የምትወድቀውም እዚያው ላይ ነው።

ትንሽ ማለት ቀላል ማለት አይደለም

ሱቅ ገብታችሁ ከመስታወቱ ሥር የምታዩዋቸውን እንውሰድ። ሩገር ኤልሲፒ ያለ ጥይት ወደ 270 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ከብዙ ስልክ ብዙም አይከብድም። ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ትናንሽ ሪቮልቨሮች ብዙዎቹ የሚይዙት አምስት ጥይት ነው። ግሎክ 43 ስድስት ሲደመር አንድ ይይዛል። ሁሉም ኪስ ይገባሉ። ሻጩም «ስትይዘው አይታወቅህም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ችግሩ ስትተኩሰው መታወቁ ነው።

መሣሪያ በቀለለ ቁጥር ርግጫው ይጨምራል። እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው ነገር የላትም። አፈሙዙ አጭር፣ ማነጣጠሪያው ኢምንት ስለሆነ ትንሽ የእጅ መዛባት ጥይቱን ሩቅ ይወስደዋል። አውቶማቲኮቹ ላይ ደግሞ እጅህ በፍርሃት ከላላ ቀለሁ በትክክል ሳይወጣ ሊቀረቀር ይችላል። ሪቮልቨሩ በዚህ ይሻላል፤ ቃታው ግን በጣም ከባድ ነው፣ ላልሠለጠነ ጣት አፈሙዙን ወደ ጎን ይጎትታል። ኤልሲፒን በመሰሉት የኪስ ሽጉጦች የተለመደው ባለ .380 ጥይትም ከአጭር አፈሙዝ ሲወጣ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ያጣል፦ ሲሰፋ በጥልቀት አይገባም፣ በጥልቀት ሲገባ አይሰፋም። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ጥይት ሲፈትን ከ12 እስከ 18 ኢንች ጥልቀት የሚፈልገው ለጌጥ አይደለም።

እዚህ ላይ በተለይ የሚያናድደኝ «ለሴት ትንሿ ትሻላታለች» የሚለው ነው። ስንት እህታችን በዚህ ምክር ቀላሏን ሽጉጥ ገዝታ፣ ተኩስ ሜዳ ላይ ሁለቴ ተኩሳ፣ መዳፏን አሟት ሳጥን ውስጥ ቆልፋባታለች? እንደ ግሎክ 19 ያለው፣ ያለ ጥይት ከ600 ግራም በላይ የሚመዝነው መካከለኛ ሽጉጥ ለጀማሪ እጅ ይበልጥ ገር ነው፤ ክብደቱ ርግጫውን ይውጥላታል። ለትንሽ እጅ ትንሽ ሽጉጥ የሚለው ሒሳብ ለጫማ ይሠራል፣ ለመሣሪያ አይሠራም። ትንሽ ሽጉጥ የጀማሪ መሣሪያ ሳይሆን ብዙ የተለማመደ ሰው መሣሪያ ነው። እናንተ የምትመክሩት ግን በወር አንድ ቀን እንኳ ተኩስ ሜዳ የመሄጃ ጊዜ ለሌለው፣ በሁለት ሥራ ለተወጠረ ሰው ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው።

ከመሪው ኋላ ያለው ወንበር

አሁን ሽጉጡ ጥሩ ነው እንበል። ሾፌሩን ወንበሩ ላይ እናስቀምጠው። ጀርባውን ለማያውቀው ሰው ሰጥቷል። ሁለት እጁ መሪ ላይ ነው። ቀበቶው ወገቡን አጥብቆ ይዞታል። አጥቂው ከኋላው በግማሽ ሜትር ርቀት፣ መሣሪያውን አውጥቶ፣ እሱ ባሰበው ሰዓት ነው የሚጀምረው።

በ1983 ዴኒስ ቱለር የሚባል የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ በጻፈው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ድረስ በሥልጠና ላይ የሚጠቀስ ነገር አሳይቷል፦ ቢላዋ የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም ከስድስት ሜትር በላይ ሮጦ ለመድረስ አንድ ሴኮንድ ተኩል ገደማ ይበቃዋል፤ የሠለጠነ ፖሊስ ወገቡ ላይ ያለውን መሣሪያ አውጥቶ ለመተኮስም የሚፈጅበት ያንኑ ያህል ነው። ያ ቆሞ፣ ፊት ለፊት እያየ፣ መንገዱ ነፃ ሆኖለት ነው። የእኛ ሰው ተቀምጦ፣ ታስሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ነው።

«ለዚህ እኮ ነው ቁርጭምጭሚት ላይ ያልነው፤ የተቀመጠ ሰው እዚያ ይደርሳል» ትላላችሁ። በተቀመጠበት እጁ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ግን እዚያ ለመድረስ ከመሪው ሥር ጎንበስ ማለት አለበት። ከኋላው ሽጉጥ የደገነበት ሰው ይህን እያየ ዝም የሚለው ለምንድን ነው? ኪስ ውስጥ ያለ ማኅደር፣ ማለትም ሆልስተር፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ተቀላቅሎ የሚያዘው ደግሞ ከአጥቂው በፊት ባለቤቱን ነው የሚያሰጋው፤ ቃታው ውስጥ የገባ ቁልፍ ጣት ነው ወይስ ቁልፍ ነው ብሎ አይጠይቅም።

አንድ የሚታወቅ ጉዳይ ላንሳ። በማርች 2021 እዚያው ዲሲ አንድ ፓኪስታናዊ ምግብ አድራሽ መኪናውን ሊነጥቁት ከሞከሩ ሁለት ታዳጊዎች ጋር ሲታገል ሕይወቱ አለፈ። ታዳጊዎቹ ልጃገረዶች ነበሩ፤ አንዷ 13፣ ሌላዋ 15 ዓመቷ። የያዙት በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዝ መሣሪያ ነበር። ይህን የማነሣው በሟቹ ለመፍረድ አይደለም። «ብትታጠቅ ኖሮ» ለምትሉ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በዚያች ቅጽበት የ13 ዓመት ልጅ ላይ መተኮስ ነበረበት ነው የምትሉት? አዎ ካላችሁ በግልጽ በሉት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወትም አብራችሁ ንገሩት። መኪናው ኢንሹራንስ አለው፤ «ቁልፉን ወርውረህ ሂድ» የሚለው ምክር ግን ላይክ አያመጣም።

ድልድዩ

ሁሉም መካሪ የሚዘለው ይህን ክፍል ነው፤ እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም እላለሁ።

እንበል አሌክሳንድሪያ የምትኖር ሾፌር ነህ፣ ወንድሜ። የቨርጂኒያን ፈቃድ ከሰርኪት ኮርት በሕጋዊ መንገድ አውጥተሃል። ትንሿን ኪስህ ከትተህ አፑን ከፈትክ። የመጣልህ ተሳፋሪ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚሄደው። የዉድሮው ዊልሰንን ድልድይ ተሻግረህ ሜሪላንድ ስትገባ የቨርጂኒያ ፈቃድህ ዋጋ የለውም፤ ሜሪላንድ የማንንም ሌላ ግዛት ፈቃድ አትቀበልም። በ14ኛው መንገድ ድልድይ ወደ ዲሲ ብትገባም ያው ነው። በዲሲ ያለ ዲሲ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መንቀሳቀስ እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያደርስ ከባድ ወንጀል ነው። የኋላ መብራትህ ተቃጥሎ ፖሊስ ቢያስቆምህ ከዘራፊ ጋር ሳትገናኝ ወንጀለኛ ሆነሃል። ማንንም አልነካህም፤ ድልድይ ብቻ ነው የተሻገርከው።

«ሦስቱንም ያውጣ» ትሉ ይሆናል። ይቻላል። ሜሪላንድ ለመጀመሪያ ፈቃድ 16 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች። ዲሲ 16 ሰዓት ትምህርትና 2 ሰዓት ተኩስ ትጠይቃለች። ያም ሆኖ በዲሲ ሜትሮ ውስጥ መያዝ አይቻልም፤ ካፒቶል ግቢም አይቻልም። የፌዴራል ሕግ ደግሞ የዚያው ግዛት ፈቃድ ለሌለው ሰው ከትምህርት ቤት በ1,000 ጫማ፣ ወደ 300 ሜትር ዙሪያ፣ ይከለክላል፤ ትምህርት ቤት የሌለበት የዲሲ ሰፈር ፈልጉ እስቲ። ይህን ሁሉ ብታሟላ እንኳ ኡበርም ሊፍትም በመመሪያቸው ሾፌር በሥራ ላይ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላሉ። ከታወቀ አካውንትህ ይዘጋል። ከሽፍታ የተረፈው እንጀራ በመመሪያ ይወሰዳል።

ሕጉ የሚፈቅደው መሻገሪያ አለ። በሁለቱም ጫፍ፣ በመነሻህም በመድረሻህም መያዝ ሕጋዊ ከሆነ፣ ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎ፣ እጅህ የማይደርስበት ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ አድርገህ ማለፍ ትችላለህ። ግን ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ የተቆለፈ ሽጉጥ መጠባበቂያ አይደለም፤ ዕቃ ነው።

ወረቀትህ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ሰው በዚያ ድልድይ ቢያዝ ጠበቃ ይቀጥራል፣ ቅጣቱን ይቀበላል፣ ቤቱ ይገባል። ግሪን ካርድ የያዘው ወገናችን ግን ሁለተኛ ፍርድ ይጠብቀዋል። በኢሚግሬሽን ሕጉ ውስጥ የመሣሪያ ጥፋት ራሱን የቻለ የመባረር ምክንያት ነው፤ ከሕግ ውጭ መግዛት፣ መያዝ፣ ይዞ መንቀሳቀስ ሁሉም ተጽፈዋል። ሰው መጉዳት አያስፈልግም። ሃያ ዓመት የኖረ፣ ቤት የገዛ፣ ልጆቹ እዚህ የተወለዱ ሰው በአንዲት ኪስ በምትገባ ብረት ምክንያት የመባረር ጉዳይ ሊከፈትበት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ላለ ሰውማ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ መያዙ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው። ጉዳዩ በእንጥልጥል ያለበት ሰው ደግሞ መሣሪያ ከመንካቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንጂ የግሩፕ አባል መጠየቅ የለበትም።

«በኔ ስም ልግዛልህ» የምትሉም አላችሁ፤ በደግነት። ይህ ደግነት በፌዴራል ሕግ እስከ 15 ዓመት የሚያስፈርድ ወንጀል ነው። ስትገዛ የምትፈርመው ፎርም 4473 «እውነተኛው ገዥ አንተ ነህ ወይ?» ብሎ በግልጽ ይጠይቃል።

ያው ፎርም ሌላም ይጠይቃል፦ ሕገ ወጥ ዕፅ ተጠቃሚ ነህ ወይ? ጫት ቅዳሜ ከሰዓት የምንቀመጥበት ነገር ስለሆነ ብዙዎቻችን እንደ ዕፅ አንቆጥረውም። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ፣ በመጀመሪያው መደብ፣ የተመዘገበ ነው። ቅዳሜ እየቃመ ሰኞ «አይደለሁም» ብሎ የሚፈርም ሰው ምን ላይ እንደፈረመ የነገረው መካሪ አላየሁም።

ቤት የሚገባው ብረት

ሽጉጡ ሥራ ላይ ከሚውልበት ጊዜ ቤት የሚያድርበት ይበልጣል። በ2021 በአሜሪካ በመሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች መካከል 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ። እኛ ደግሞ ጭንቀትን «አይ፣ ደህና ነኝ» ብለን የምንውጥ፣ የአእምሮ ሕመምን ለቅርብ ዘመድ እንኳ የማንናገር ሕዝብ ነን። ብቻውን በአንድ ክፍል የሚኖር፣ ሌሊት የሚሠራ፣ ከቤተሰቡ የተለየ ሰው ትራስ ሥር ሽጉጥ ስታስቀምጡ ማንን እንደምታስታጥቁ አስባችኋል? ልጆች ያሉበት ቤትም አለ። ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ የሚተውን ሰው ትቀጣለች። ትንሽ ሽጉጥ ለልጅ እጅም ትንሽ ናት።

«ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንሙት?»

አይደለም። ሁለት መንገድ አለ፣ ሁለቱም ከእናንተ ምክር ይሻላሉ።

አንደኛው፦ የሱቅ ባለቤት ነህ፣ ዜጋ ነህ፣ በአንድ ግዛት ውስጥ በራስህ ቦታ ትውላለህ፣ መታጠቅ ወስነሃል። እንግዲያው በሥርዓቱ ታጠቅ። ሁለት አትግዛ፣ አንድ ግዛ፤ እጅህ የሚሞላውን መካከለኛ። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር ግዛ፤ ያለ እሱ አትያዝ። ለሁለተኛው ሽጉጥ ልታወጣ የነበረውን ገንዘብ ለሥልጠናና ለጥይት አውጣ። ቤትህ የሚቆለፍ ሣጥን ይኑር። በሜሪላንድ ከቤትህ ውጭ በደኅና ማፈግፈግ ከቻልክ ማፈግፈግ ግዴታህ መሆኑን፣ ዕቃህን ይዞ በሚሸሽ ሰው ጀርባ ላይ መተኮስ ራስን መከላከል አለመሆኑን ጠበቃ ያስረዳህ።

ሁለተኛው፦ ሾፌር ነህ፣ ሦስት ግዛት ትሻገራለህ፣ ወረቀትህ ገና ነው። ሽጉጡን ተው፤ ካሜራ ግጠም፣ በጉልህም ለጥፍበት። በ2013 የታተመው የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም የኒዮሽ ጥናት ታክሲዎቻቸው ካሜራ የገቡላቸው ከተሞች ካልገቡላቸው ሲነጻጸሩ የሾፌር ግድያ መጠናቸው ሦስት እጥፍ ያህል ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የአባቶቻችን ምንሽር ያደርግ የነበረውን ነው ካሜራው የሚያደርገው፦ ይታያል። ጥሬ ገንዘብ አትያዝ። ቦታህን በስልክ ለሁለት ጓደኛ አጋራ። ቁልፉን ከጠየቁህ ስጥ።

ኮሚኒቲውም ሥራ አለው። ለቅሶ ላይ የምናዋጣውን ያህል ከለቅሶ በፊት ብናዋጣ፣ እድሮቻችን ለስንት ሾፌር ካሜራ መግዛት ይችሉ ነበር? ሌሊት የሚሠሩትን በአንድ ግሩፕ ማስተሳሰር፣ መኪናው ለተወሰደበት ሰው የአንድ ወር ገቢ የሚሸፍን እቁብ ማቆም ከአቅማችን በላይ ነው? ሰው ለመኪናው ብሎ የሚታገለው መኪናው ነገ የሚበላው እንጀራ ስለሆነ ነው። ያንን ፍርሃት ያቀለልንለት ሰው ቁልፉን ለመወርወር ድፍረት ያገኛል።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። እዚህ ላይ ግን መከራው የሚመክረው መካሪውን አይደለም። ሾፌሩ ድልድዩ ላይ ሲያዝ ላይክ ያደረጉት ሰዎች ፍርድ ቤት አብረውት አይቆሙም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ትንሿን ያዝ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የት ነው የምትነዳው? ወረቀትህ ምንድን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የተኮስከው መቼ ነው? መልሱን ሳትሰሙ የምትመክሩ ከሆነ ዝም በሉ።

ሾፌር ለሆነ ወዳጃችሁ አድርሱት። የማትስማሙ በኮሜንት ኑ፤ ስድብ ካልሆነ በስተቀር ሁሉንም አነባለሁ።